አንድ ካፕ ዱቄት ስንት ግራም ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ኬክ እየጋገርኩ ለጎረቤትና ለልደት መሸጥ ጀምሬያለሁ። በቅርቡ ከስልክ ላይ አንድ የአሜሪካ ኬክ አሠራር አገኘሁ። 2 ካፕ ከሩብ ዱቄት፣ 1 ካፕ ተኩል ስኳር፣ 1 ስቲክ ቅቤ፣ 3 እንቁላል፣ 1 ካፕ ወተት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ተኩል ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይላል። በቤታችን የፕላስቲክ ኩባያ እየሰፈርኩ ሠራሁት። ደረቀብኝ፣ ከላይም ተሰነጣጠቀ። አንድ ካፕ ዱቄት ስንት ግራም እንደሆነ ስፈልግ አንዱ 120፣ ሌላው 140፣ ሌላው 240 ይላል። የቱን ልመን? መሐል ሜዳ ያለችው እናቴ ደግሞ ሚዛን የላትም፤ 2 ኪሎ የድፎ ዱቄት በኩባያ ስንት ነው ትለኛለች። ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴም ልኬቱን ላኪልኝ ብላኛለች። ለሁላችንም የሚሆን አንድ ሰንጠረዥ ቢልኩልኝ?»

እህቴ፣ ያገኘሻቸው ቁጥሮች ሁሉም ከሆነ ቦታ የመጡ ናቸው። 120ው በማንኪያ ቀስ ተብሎ ካፕ ውስጥ የተጨመረ ዱቄት ነው። 140ው ካፑን ዱቄቱ ውስጥ ከትቶ የዛቀ ሰው ልኬት ነው። 240ው ግን ዱቄትን አይመለከትም። ካፑ የሚይዘው ውሃ ነው፣ በሚሊ ሊትር። አንድ ሰው ሚሊ ሊትሩን ግራም ብሎ ጻፈው፣ ሌላው ቀዳው፣ አንቺ ጋ ደረሰ። በአንድ ካፕ 240 ግራም ዱቄት ብታስገቢ ከሚፈለገው እጥፍ ገደማ አስገባሽ ማለት ነው።

ቁጥሮቹን እሰጥሻለሁ፣ አይዞሽ። ግን ሰንጠረዥ ብቻ ብልክልሽ ተመልሰሽ ትጽፊልኛለሽ። ሰንጠረዡ ያንቺን ኩባያ አያውቀውም፣ ዱቄቱን እንዴት እንደምትሰፍሪም አያውቅም። ኬክሽን ያበላሹት ደግሞ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ግራም የሚለካው ክብደትን ነው፤ ካፕ የሚለካው ቦታን። ይህን ለሰሜን ሸዋ ሰው ማስረዳት አይከብድም። የምንጃርን ጤፍና የመንዝን ገብስ በአንድ ቁና ሰፍረሽ አንሺያቸው። ቁናው ያው ነው፣ ጤፉ ግን ይከብዳል። ፍሬው እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። የገብሱ ፍሬ ግን በመካከሉ ክፍተት ይተዋል። ገበያ ላይ ገዢው «ነቅነቅ አድርገው እንጂ!» የሚለውም ክፍተቱን ስለሚያውቀው ነው። ቁናው ሲነቀነቅ እህሉ ዝቅ ይላል፣ ሌላ እፍኝ ይጨመራል። ዱቄት ከእህል ይብሳል። አየር ይይዛል፣ ሲነካ ይጠቀጠቃል። ያው ዱቄት፣ በያው ካፕ፣ በሁለት ሰው እጅ ሁለት ዓይነት ክብደት ይሰጥሻል።

አሁን ስለ ካፑ። የአሜሪካ ካፕ 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በምግብ ማሸጊያዎቻቸው ላይ 240 ብለው ያጠጋጉታል፤ እኛም በ240 እንሂድ። የአውስትራሊያው 250 ነው። የጃፓኑ 200 ነው። ማንኪያም እንዲሁ ነው። የሾርባ ማንኪያ በአብዛኛው ቦታ 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን በአውስትራሊያ 20 ነው። የሻይ ማንኪያ በሁሉም ዘንድ 5 ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ስታዪ ሴትዮዋ ከየት አገር እንደሆነች ማወቅ ይጠቅማል። አንቺ ያገኘሽው ቅቤውን በ«ስቲክ» ስለሚቆጥር አሜሪካዊ ለመሆኑ አልጠራጠርም።

ያንቺ ኩባያ ስንት እንደሚይዝ ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግሽም። ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ፣ ያው ሃይላንድ የምንለውን፣ አምጪ። ሳይከፈት 500 ሚሊ ሊትር ውሃ አለበት። ከሱ ወደ ኩባያሽ አፉ ድረስ ሙዪ። የሞላውን ሌላ ዕቃ ውስጥ ገልብጪና ባዶውን ኩባያ ጠርሙሱ ውስጥ ከተረፈው ደግመሽ ሙዪ። ሁለት ኩባያ ሞልቶ ውሃው ካለቀ ኩባያሽ 250 ነው። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ከቀረ 330 አካባቢ ነው። ሁለት ተኩል ከወጣው 200 ነው። ከዚያ በማርከር ታችኛው ጎኑ ላይ ቁጥሩን ጻፊበት። ለማረጋገጥ ሚዛን ካለሽ ደግሞ የውሃ ጥቅሙ ይኸው ነው፦ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ይመዝናል። ኩባያውን ባዶውን መዝኚ፣ ውሃ ሞልተሽ መዝኚ፣ ልዩነቱ የኩባያው መጠን ነው። አንዳንድ ሰው «የኛ አገር ከፍታ ስለሆነ ውሃውም ይቀልላል» ይለኛል። አይቀልም። ደብረ ብርሃን ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ክብደቱ ያው ነው። የከፍታውን ነገር መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ቤት ውስጥ የምንጠቀምባቸው የፕላስቲክ ኩባያዎች ብዙዎቹ ከ300 ሚሊ ሊትር በላይ ይይዛሉ። ያንቺ 330 ነው እንበልና ኬክሽን አብረን እንመርምረው። 2 ኩባያ ከሩብ ዱቄት ሰፈርሽ። ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ከትተሽ ነው የዛቅሽው ብዬ ልገምት፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ይሄኔ አንዱ ኩባያ 205 ግራም ገደማ ይይዛል። ሁለት ከሩቡ ሲደመር 460 ግራም። ያች ሴትዮ ያሰበችው ግን 280 ግራም ነው። ወተቱም በኩባያሽ ልክ ከ240 ወደ 330 አደገ፣ ግን ዱቄቱን አልደረሰበትም። እንቁላሉ ሦስት ነው፣ ቅቤው አንድ ስቲክ ነው፣ እነሱ ከኩባያሽ ጋር አልጨመሩም። ደረቅ ሊጥ ሆነ፣ ኦቨን ውስጥ ገባ፣ ላዩ ቶሎ ደረቀ፣ ውስጡ ሲነሳ ሰነጠቀው። ኬኩ የሚችለውን ነው ያደረገው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ክርክር አለ። «ሁሉንም በአንድ ዕቃ እስከለካሁ ድረስ ምን ቸገረኝ? ምጥጥኑ አይለወጥም» የሚል። ሐሳቡ ልክ ነው፣ የሚሠራው ግን ሁሉም ነገር በካፕ ሲለካ ብቻ ነው። ለፓንኬክ አንድ ካፕ ዱቄት፣ አንድ ካፕ ወተት ቢልሽ በጣሳም ብትሰፍሪው ይሆናል። እንቁላል፣ ስቲክ፣ የሻይ ማንኪያ ሲገባበት ግን ነገሩ ይፈርሳል። እንቁላል ኩባያሽን አይቶ አያድግም።

የዱቄት አሰፋፈሩን አንዴ በደንብ ላሳይሽ። ዱቄቱን በዕቃው ውስጥ እንዳለ በማንኪያ ቆስቁሰሽ አየር አስገቢበት። ከዚያ በማንኪያ እያነሳሽ ካፑ ውስጥ ጣይ፣ ከአፉ በላይ እስኪቆለል ድረስ። አትጫኚው። ካፑን ጠረጴዛው ላይ አታንኳኪ። ይሄ ማንኳኳት የሁላችንም ልማድ ነው፣ እጅሽ ሳታዪው ያደርገዋል። በመጨረሻ በቢላ ጀርባ የተቆለለውን ጥረጊው። እንዲህ የተሰፈረ 240 ሚሊ ሊትር ፉርኖ ዱቄት ከ120 እስከ 125 ግራም ይመጣል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በሰንጠረዡ ላይ የሚጠቀመው 125 ነው፤ እኔም በሱ ነው የምሠራው። ካፑን ከትተሽ ከዛቅሽ 140 እና 150 ይደርሳል። ቀድመሽ በወንፊት ከነፋሽው ደግሞ ወደ 115 ይወርዳል። አንዳንዱ አሠራር «2 ካፕ የተነፋ ዱቄት» ይላል። ሌላው «2 ካፕ ዱቄት፣ ተነፍቶ» ይላል። የመጀመሪያው ነፍተሽ ስፈሪ ነው፣ ሁለተኛው ሰፍረሽ ንፊ። ተመሳሳይ ይመስላሉ፣ ግን በሁለት ካፕ ላይ የ20 ግራም ልዩነት አላቸው።

ይህ ሁሉ የፋብሪካ ነጭ ዱቄት ሲሆን ነው። ከጂሩ ስንዴ አምጥተሽ ወፍጮ ቤት ካስፈጨሽው ጨዋታው ሌላ ነው። አሁን ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ሞቅ ያለና የተነፋፋ ነው። ያው ዱቄት ጆንያ ውስጥ ሰንብቶ ሲወጣ ታች ያለው ተጠቅጥቆ ታገኚዋለሽ። ከላይ የሰፈርሽው ኩባያና ከሥር የሰፈርሽው ኩባያ አይመሳሰሉም። ፉርሽካው አብሮ ስላለም ውሃ የሚጠጣው ከፉርኖው በላይ ነው። ስለዚህ ክብደቱን አስተካክለሽ እንኳ ሊጡ ጠንከር ካለብሽ ቀስ እያልሽ ወተት ጨምሪ። ጤፍ ዱቄት ከስንዴ ይከብዳል። ለነዚህ የሰው ቁጥር አትውሰጂ፣ ራስሽ መዝኚ።

ሌሎቹ ነገሮች እንደ ዱቄት አያስቸግሩም። ስኳር አሸዋ ነው፣ ብትጫኚውም ብትለቂውም ብዙ አይለወጥም። አንድ የአሜሪካ ካፕ ስኳር 200 ግራም ነው። ስኳሩን ብሌንደር ውስጥ ፈጭተሽ ዱቄት ስታደርጊው ግን ክብደቱ ሳይነካ ይበዛል፤ አንድ ካፕ የሚሆነው የዱቄት ስኳር 120 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አሠራሩ የዱቄት ስኳር ካለና አንቺ ራስሽ የምትፈጪው ከሆነ፣ በካፕ የምትሰፍሪ ከሆነ ከፈጨሽ በኋላ ስፈሪ፤ በሚዛን ከሆነ ግን ከመፍጨትሽ በፊትም ብትመዝኚው ያው ነው። ወተትና እርጎ ከውሃ ትንሽ ነው የሚበልጡት፤ አንድ ካፕ 245 ግራም። እንደ ውሃ ቁጠሪያቸው። ዘይት ከውሃ ይቀላል፤ አንድ ካፕ 220 ግራም ገደማ፣ አንድ ሊትር 920 ግራም ገደማ ነው። ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ዘይት 5 ኪሎ አይሞላም የሚል ሰው ካጋጠመሽ፣ ማንም አላጭበረበረውም። ማር በተቃራኒው ከባድ ነው፤ አንድ ካፕ 340 ግራም። በደብረ ብርሃን ብርድ ማር ስለሚረጋ ካፕ ውስጥ ሲገባ ክፍተት ይተዋል፣ ከካፑም አይወጣም። ማርን በካፕ መስፈር ቢቀር እመርጣለሁ። ካካዋ ከሁሉም ይቀላል፣ ከ85 እስከ 100 ግራም ነው። ይሄም እንደ ዱቄት የሚጠቀጠቅ ስለሆነ ነው ሰፊ ልዩነት ያለው።

ያንቺ ኩባያ 240 ካልሆነስ? ያኔ የኩባያሽን ሚሊ ሊትር ወስደሽ አባዢው። ለዱቄት በ0.52፣ ለስኳር በ0.83፣ ለዘይት በ0.92፣ ለቅቤ በ0.95፣ ለማር በ1.4። 200 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የሻይ ብርጭቆ ካለሽ፣ ዱቄቱ 104 ግራም፣ ስኳሩ 166፣ ማሩ 280 ይሆናል። ስልክሽ ላይ ካልኩሌተር አለ። አንዴ ሠርተሽ ኩሽና ግድግዳ ላይ ለጥፊው።

አሁን ያን አሠራር ወደ ግራም እናምጣው። ዱቄት 280። ስኳር 300። ቅቤ 113፣ አንድ ስቲክ ማለት ይሄ ነው፣ የግማሽ ካፕ ልክ። እንቁላል 150፣ ያለ ቅርፊት። ወተት 245። ቤኪንግ ፓውደር 11 ገደማ። ጨው 3። በቃ። ከዛሬ ጀምሮ ካፕ የሚለውን እርሺውና ይህን በደብተርሽ ጻፊ። ግማሽ ኬክ ስትፈልጊ ለሁለት ታካፍይዋለሽ፣ የሠርግ ትእዛዝ ሲመጣ በአምስት ታባዢዋለሽ። 2 ካፕ ከሩብን ለሁለት አካፍይ ብትባዪ ግን መቸገርሽ አይቀርም። እየሸጥሽ ስለሆነ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ዱቄትና ስኳር በኪሎ ነው የምትገዢው። ኬክሽ በግራም ከተጻፈ አንዱ ኬክ ስንት ብር እንደፈጀ በደቂቃ ታውቂያለሽ።

ቅቤ ላይ ትንሽ ልቆይ። የፈረንጆቹ የገበታ ቅቤ 80 በመቶ ገደማ ስብ ነው፤ ቀሪው አብዛኛው ውሃ ነው። ያንቺ ቅቤ ንጥር ከሆነ ውሃው በመንጠር ሄዷል። 113 ግራም ንጥር ቅቤ ብታስገቢ ስቡ ይበዛል፣ እርጥበቱ ያንሳል። 90 ግራም ንጥርና 20 ግራም ወተት አድርጊው። በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረውን ግን ለወጥ ተዪው። ለጋ ቅቤ ከገበያ ከገዛሽ በውስጡ የቀረው አሬራ እንደ ነጋዴው ስለሚለያይ በውሃ አጥበሽ፣ ጨምቀሽ፣ ከዚያ መዝኚው። ሚዛን በሌለበት የረጋ ቅቤን ለመስፈር አንድ ዘዴ አለ። ግማሽ ካፕ ቅቤ ከፈለግሽ ካፑን እስከ ግማሽ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጊበት። ቅቤውን እየቆረስሽ ጨምሪና በማንኪያ ወደ ውሃው ጫን አድርጊው። ውሃው አፉ ላይ ሲደርስ ቅቤሽ ግማሽ ካፕ ነው። ውሃውን ድፊውና ቅቤውን ጠራርጊው።

እንቁላሉም ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። የነሱ ትልቅ እንቁላል ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከዚያ ያንሳል። የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ከሆነ ሦስት ይበቃል። የሐበሻ ከሆነ አራት ሰብረሽ ምቺውና 150 ግራም መዝነሽ ውሰጂ። የተረፈች ካለች ለቁርስ።

ይህን ሁሉ ስል ሚዛን ግዢ ማለቴ ነው። ለንግድ ከሆነማ ግዴታ ነው። 1 ግራም የሚያነብ የኩሽና ዲጂታል ሚዛን በቂ ነው። ገዝተሽ ስትመጪ ፈትኚው። ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር ውሃ አስቀምጪበት። የጠርሙሱ ፕላስቲክ ስላለበት ከ500 በጥቂት ግራም በልጦ መታየት አለበት። 470 ወይም 560 ካለሽ መልሺው። አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው የማይነካው አንድ ቁልፍ አለ፣ ዜሮ የሚያደርገው። ሳህኑን አስቀምጪ፣ ዜሮ አድርጊ፣ ዱቄት 280። እንደገና ዜሮ፣ ስኳር 300። እንደገና ዜሮ፣ ወተት 245። አንድ ሳህን፣ የሚታጠብ ካፕ የለም። ደግሞ ከግራም ውጪ ወደ «ኦንስ» የሚቀይር ቁልፍ ስላለው ሳታዪ እንዳትጫኚው። አንድ ኦንስ 28 ግራም ነው። የፈሳሽ ኦንስ የሚባል ሌላም አለ፤ እሱ ቦታ ነው፣ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ። 8ቱ የፈሳሽ ኦንስ አንድ ካፕ ይሞላል። 8 ኦንስ ዱቄት ግን 227 ግራም ነው፣ ሁለት ካፕ ሊሆን ትንሽ የቀረው። ፓውንድ ካለሽ 454 ግራም በዪው።

ሚዛኑ ግን ለጥቃቅኑ አይታመንም። 1 ግራም የሚያነብ ሚዛን 3 ግራም ላይ ሲሳሳት የመጠኑን ሲሶ ነው የሚሳሳተው። ለእርሾ፣ ለጨው፣ ለቤኪንግ ፓውደር ማንኪያ ይሻላል፣ ማንኪያሽ 5 ሚሊ ሊትር መሆኑን ካወቅሽ። የቤታችን የሻይ ማንኪያዎች አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ከመድኃኒት ቤት ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዝተሽ ውሃ ቅጂበትና ማንኪያሽ ላይ ልቀቂው። አፉ ድረስ ልክ ከሞላ ማንኪያው ልክ ነው። ከፈሰሰ ማንኪያሽ ያንሳል፣ ካልሞላ ይበልጣል። ከልጆች ሽሮፕ ጋር የሚመጣው ባለ መስመር ትንሽ ኩባያም ያው ሥራ ይሠራል፣ በደንብ ታጥቦ። በትክክለኛ የሻይ ማንኪያ፣ ከላይ ተጠርጎ፣ ቤኪንግ ፓውደር 4 ግራም ተኩል ገደማ፣ ቤኪንግ ሶዳ ከ5 እስከ 6፣ ደቃቅ ጨው 6፣ ፈጣን ደረቅ እርሾ 3 ግራም ነው።

ወደ እናትሽ ልምጣ። የሳቸው ከክብደት ወደ ቦታ መመለስ ነው፣ ያውም ያለ ሚዛን። ሚዛን ግን አለ፣ ባለ ሱቁ ጋ። 1 ኪሎ ዱቄት በሚዛን ይግዙ። ቤት ወስደው በራሳቸው ኩባያ፣ በራሳቸው አሰፋፈር፣ ከላይ እየጠረጉ ይስፈሩት። ስምንት ኩባያ ከወጣ አንዱ ኩባያ 125 ግራም ነው። ስድስት ከወጣ 167። አንድ ሺሕን ለኩባያው ብዛት ማካፈል ነው። ይሄ ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይሻላል፣ ምክንያቱም የሳቸው ዱቄት፣ የሳቸው ኩባያና የሳቸው እጅ አለበት። ባለ ሱቁ ሚዛኑ ላይ ጣቱን ካላሳረፈ ማለቴ ነው።

ሆኖም ለ2 ኪሎ አሥራ ስድስት ጊዜ በኩባያ መስፈር አልወድም። በየኩባያው 10 ግራም ብቻ ቢበልጥ መጨረሻ ላይ 160 ግራም ነው። ሰው ደግሞ ሲሰፍር ቆጠራው ይጠፋበታል፣ በተለይ ጎረቤት ለቡና ከመጣ። ያን በሚዛን የተገዛ 1 ኪሎ ዱቄት ሳይጫኑ አንድ ጣሳ ወይም ጆግ ውስጥ ይገልብጡት። ላዩን ያስተካክሉና ዱቄቱ የደረሰበት ላይ በማርከር፣ ጣሳ ከሆነም በምስማር፣ ያስምሩበት። ከዚያ ወዲያ ያ ጣሳ የቤቱ ኪሎ ነው። ሁለቴ መሙላት፣ አለቀ። ለነጭ ዱቄትና ለቤት ዱቄት ሁለት መስመር ያድርጉ፤ አንድ ላይ አይውሉም።

ድፎው ራሱ በክብደት ሲታሰብ ቀላል ነው። ጋጋሪዎች ዱቄቱን መቶ ይሉትና የቀረውን ከሱ አንጻር ይቆጥራሉ። ውሃ ከ60 እስከ 65፣ ጨው 2፣ ደረቅ እርሾ 1። ለ2 ኪሎ ዱቄት ውሃው 1.2 ሊትር አካባቢ ነው፤ የቤት ዱቄት ከሆነ ሊጡን እያዩ ይጨምሩ። በግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ሁለት ሙሉና ከግማሽ ትንሽ ያነሰ ማለት ነው። ጨው 40 ግራም፣ ወደ 7 የሻይ ማንኪያ። እርሾው 20 ግራም፣ እሱም ወደ 7 የሻይ ማንኪያ። ባለ 11 ግራም እሽግ ከሆነ ሁለቱን ቢያስገቡት ድፎው አይቀየምም። በቤት እርሾ፣ ማለትም በፈሳሹ የሚያቦኩ ከሆነ ግን ይህ ቁጥር አይመለከታቸውም። እሱ ዱቄትም ውሃም ስለሆነ በውስጡ ያለውን ዱቄት ከዱቄቱ፣ ውሃውን ከውሃው ላይ ይቀንሱ። መጠኑን ደግሞ እሳቸው ከኔ ይበልጥ ያውቁታል።

የቀረው የእህትሽ ነገር ነው። ሸዋ ሮቢትና ደብረ ብርሃን ላይ 280 ግራም ዱቄት ያው 280 ግራም ነው። ልኬቱ አይለወጥም፣ አሠራሩ ግን ይለወጣል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ከጣርማ በር ማዶ ቁልቁል ወርደሽ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አንቺ ጋ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ከኬኩም ቶሎ ይተናል። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝም የሚጫነው አየር ስለሚያንስ ቶሎና በብዛት ይነፋል። ሊጡ ሳይበስል ይነሳና መሐሉ ይሰምጣል። ዱቄቱን ስታስተካክይ ምናልባት ይሄ ሁለተኛው ችግር ብቅ ይልብሻል። እስካሁን ያልታየሽ የበዛው ዱቄት ሸፍኖት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ላንቺ ቤኪንግ ፓውደሩን ከ11 ወደ 8 ግራም አውርጂው። ስኳሩን 270 አድርጊው፤ ስኳር ሲበዛ ኬኩ ቶሎ አይረጋም። ወተቱ ላይ 45 ግራም፣ ማለትም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ። የኦቨኑን ሙቀት አሠራሩ ካለው በ10 ዲግሪ ከፍ አድርጊ፣ ጊዜውን ግን ቀደም ብለሽ ማየት ጀምሪ። ከዚህ ተነስተሽ አንድ በአንድ አስተካክይ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አትለውጪ። ለእህትሽ ስትልኪላት ግን ያንቺን የተስተካከለውን እንዳትልኪ። የመጀመሪያውን የግራም ዝርዝር ላኪላት፣ ቤኪንግ ፓውደሩን ብቻ 10 በዪላት። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ስለሆነ ቅቤው ጠረጴዛ ላይ ይቀልጥባታል። መዝና ከጨረሰች በኋላ ጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጠው።